ፀሐይ ሳይነካው የደበዘዘ ታፔላ

«ልጄ፣ ይሄን ፀሐይ በየት በኩል ነው የመታው?»

የጠየቁኝ የደንበኛዬ አጎት ናቸው። የሚያዩት ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ የተከፈተ፣ ገና ያልታተመ የታፔላ ዲዛይን ነው። ፀሐይ ቀርቶ የውጭ አየር እንኳን አልነካውም። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መልስ ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አለቀቀኝም። መንገድ ላይ ስሄድ ታፔላ ማንበብ ትቼ የታፔላ ቆዳ ማየት ጀምሬአለሁ።

አዳማ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ቤት ዲዛይን እሠራለሁ። ታፔላ፣ ባነር፣ ስቲከር፣ የሠርግ ካርድ፣ ማኅተም፣ የባጃጅ ጥቅስ ሳይቀር። ደንበኛዬ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ምግብ ቤት ሊከፍት የተነሳ ወጣት ነው። ወንበሩ አዲስ፣ ጠረጴዛው አዲስ፣ የግድግዳው ቀለም ገና ይሸታል። ታፔላው ግን ያረጀ እንዲመስል ፈለገ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የላቲን ሰሪፍ ፊደል ነው። ወፍራም፣ ራሱና እግሩ ላይ ጫፍ ጫፍ ያለው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ሆዱ የተፋቀ። «እንደዚህ ዓይነት ቪንቴጅ ነገር» አለኝ። ውጭ አገር ባለ ጓደኛው በኩል ፎንቱን፣ ማለትም ኮምፒውተር የሚጽፍበትን የፊደል ቅርጽ፣ አስገዝቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ የደነቀኝ እሱ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ፎንት በገንዘቡ ገዝቶ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም።

## ስድስት ጊዜ ያው ጭረት

የፎንቱን ጥሩነት ልናገር መጀመሪያ። የሠራው ሰው ሙያ አለው። ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ተመጣጥኗል፣ ጭረቱም እንዲሁ ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም። እንዲህ ያለ ፊደል ለርዕስ፣ ለፖስተር፣ ለታፔላ ነው የሚሆነው። አሳንሳችሁ አንቀጽ ብትጽፉበት ጭረቱ ይደፈንና ፎቶ ኮፒው የተበላሸ ነው የሚመስለው።

ጭረቱ የመጣው ከእንጨት ነው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የፖስተር ማተሚያ ፊደል ከቀለጠ እርሳስ ማውጣት ፈተና ነበር። ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝ ፊቱ እኩል አይሆንም፣ ዋጋውም አይቀመስም። እ.ኤ.አ. በ1827 ዳርየስ ዌልስ የሚባል የኒውዮርክ ሰው የእንጨት ፊደል በማሽን በብዛት የሚያወጣበት መንገድ አገኘ። እንጨት ደግሞ እንጨት ነው። ይጋጫል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ቀለም እኩል አይዝም። ያኔ ይህ ጉድለት ነበር፤ አታሚው ቢችል ይደብቀዋል። እኛ ዛሬ ጉድለቱን በዶላር እንገዛዋለን።

በእንጨቱ ዘመን ግን አንድ ፖስተር ላይ ስድስት የላቲን «አ» (A) ካለ ስድስት የተለያየ እንጨት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጠባሳ አለው። ፎንት ውስጥ «አ» አንድ ሥዕል ብቻ ነው። በተጠራ ቁጥር ከነጭረቱ ይመጣል። አዳማ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። ታፔላችን ላይ ኦሮምኛ አለ፤ በቁቤ ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው፣ የሚጠብቅ ተነባቢም እንዲሁ። «መነ ኛታ» (Mana Nyaataa፣ ምግብ ቤት ማለት ነው) የሚለው ብቻ ይህን «አ» ስድስት ጊዜ ይፈልጋል። አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስድስቱም ግራ እግራቸው ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ነበራቸው። አንዴ ካያችሁት በኋላ ሌላ ነገር አይታያችሁም።

መላ አለው። ማይክሮሶፍትና አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1996 ያስተዋወቁት ኦፕንታይፕ የሚባል የፎንት ቅርጸት አለ። በእሱ ለአንድ ፊደል ሁለትና ሦስት መልክ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጎረቤቱ ያው ፊደል ከሆነ ሁለተኛው መልክ በራሱ ይገባል። በካፒታል ብቻ የተሠሩ ብዙ ያረጁ ፎንቶች ደግሞ በትንሹ ፊደል ቦታ ላይ ሁለተኛ መልክ ይደብቃሉ። የእኛውም እንደዚያ ነበር። አንዱን «አ» በትልቁ፣ ቀጣዩን በትንሹ እየመታሁ ጎረቤታሞቹን ለየኋቸው። የቀሩትን በእጄ፣ የጠርዛቸውን ነጥብ አንድ በአንድ እየጎተትሁ ቀየርሁ።

ከዚያ ፕሎተሩ፣ ማለትም ቪኒል የሚባለውን ተለጣፊ ፕላስቲክ በፊደሉ ቅርጽ የሚቆርጠው ማሽን፣ አለ። ንጹሕ ፊደል ለፕሎተር ቀላል ነው፤ ቢላዋው ዞሮ ይጨርሰዋል። የተፋቀ ፊደል ግን እያንዳንዱ ነጠብጣብ ለብቻው የሚቆረጥ ቅርጽ ነው። ማሽኑ ሲያቃስት ይውላል። ሲጨርስ ትርፍራፊውን ቪኒል በመርፌና በወረንጦ እየለቀማችሁ ታወጣላችሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንዱን ፊደል ለሙከራ ለቅማ ስትጨርስ አንገቷን እያሸች ቀና አለችና «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች። ዝም አልኳት። ምን ይባላል?

## ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ

አጎትየው የመጡት ይኼኔ ነው። በደርግ ጊዜ እዚሁ ከተማ በብሩሽ ታፔላ ይጽፉ ነበር። ልጁ ያመጣቸው ሥራውን እንዲያዩለት ሳይሆን ቀብድ ሲከፍል ምስክር እንዲሆኑ ይመስለኛል። ወንበር ሰጠኋቸው። ስክሪኑን አዩት። ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ዲዛይን ነው እኮ» አልኳቸው። «ያረጀ እንዲመስል ብለን ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ያረጀ ነገር ግን የሆነ በኩል ነው የሚያረጀው።»

ተነሱና «ነይ» ብለው ወደ በሩ ወሰዱኝ። ከመንገዱ ማዶ የጎሚስታ ታፔላ አለ። ላሜራ ላይ በቀለም የተጻፈ ነው። በየቀኑ ፊት ለፊቴ ነው፤ አይቼው ግን አላውቅም። እሳቸው በጣታቸው አነበቡልኝ። ከላይ፣ ቆርቆሮው ጥላ የሚጥልበት ቦታ፣ ቀለሙ ዛሬም ደማቅ ነው። ከዚያ በታች ገርጥቷል። ቀዩ መስመር ሮዝ ሆኗል፣ ጥቁሩ ጥቁር እንደሆነ ነው። ዝገቱ ከአራቱ ሚስማሮች ጀምሮ ዝናቡ በወረደበት መንገድ ወርዷል። የታችኛው ጠርዝ ውሃ ስለሚቋጥር ተበልቷል። ነፋስ የሚያገኘው ጎን አቧራው አሽቶት ማብረቅረቁን ትቷል።

«ቀይ ቀድሞ ይሄዳል» አሉ። «ብሩሹ ሲጀምር ወፍራም ነው፣ ሲጨርስ ሳሳ ይላል። ስለዚህ ፊደሉ ከጫፉ ነው የሚሄደው። ሁለት እጅ ያረፈበት ይቆያል። ደግሞ ወደ ደቡብ የዞረ ታፔላ ከሆነ ደንበኛው ቶሎ ይጠራሻል።»

የመጨረሻዋን አባባላቸውን ቤቴ ገብቼ አሰብሁባት። እውነታቸውን ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትሩ ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ሰማዩ ጥርት የሚለው በእነዚህ ወራት ነው። ወደ ሰሜን በሚያዘነብልባቸው ወራት ደግሞ ክረምት ይገባና ደመናው ይጋርደዋል። ስለዚህ ሰሜንን የሚያይ ግድግዳ ይተርፋል፣ ደቡብን የሚያይ ይከፍላል። ነፋሱንማ ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። 51 ሜጋዋት፣ ቀጥሎም 153 ሜጋዋት የንፋስ ኃይል ማመንጫ አጠገባችን የተተከለው በከንቱ አይደለም። እሳቸው ይህን ሁሉ የሚያውቁት መሰላል ላይ ቆመው ነው።

የእኔ ስክሪን ላይ ያለው ጭረት ግን ከየትም አልመጣም። ከላይም ከታችም እኩል ተፍቋል። ጥላ አያውቅም፣ ሚስማር አያውቅም፣ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ አያውቅም። ያረጀ የመሰለው በሁሉም በኩል በእኩል መጠን ነው። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚያረጅ ነገር የለም።

ደንበኛዬ አልተዋጠለትም። «እህቴ፣ ሰው ሊበላ ነው የሚመጣው፤ ማን ቆሞ ጭረት ይቆጥራል?» አለኝ። ተናግሮ አሳመነኝ ማለት ይቻላል። ማንም አይቆጥርም። የዚህ ሙያ ሰው ሆኖ የሚቆጥር ቢኖር ራሴ ነኝ፣ ምናልባት አጎቱ። ክርክሬን በሰው ዓይን ላይ ባልመሠርት ይሻላል።

ይልቅ ሌላ ነገር ነው ያሳሰበኝ። አጎትየው ሲወጡ «ንጹሑን ጻፉትና ፀሐዩ ራሱ ያስረጀው፣ ገንዘብ አይጠይቅም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ግን እኮ አይሆንም። እሳቸው የሚያውቁት ቀለም ነው። ቀለም ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ሲሄድም መልክ አለው። እኛ የምንለጥፈው ቪኒል ነው። ቪኒል ይሸበሸባል፣ ጥጉ ይነሳል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ግማሹ ፊደል መንገድ ላይ ይገኛል። የባነር ህትመት ደግሞ ቀዩና ቢጫው ቀድሞ ይጠፋና ሰማያዊው ይቀራል። ሰማያዊ ክትፎ ያላያችሁ የአዳማ ሰዎች እጃችሁን አውጡ። እኔ የማውቀው ምግብ ቤት በር ላይ ዛሬም አለ፤ አጠገቡ ሰማያዊ ቲማቲም ሰላጣ።

ያረጀ ፎንት ገበያ ያገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሰዉ ድሮን ስለናፈቀ ብቻ አይደለም። ይህ ልጅ ደርግን አያውቀውም፣ ምኑን ይናፍቃል? አሁን የምንሠራባቸው ዕቃዎች ማርጀት ስለማይችሉ ነው። አዲስ ናቸው፣ ከዚያ ቆሻሻ ናቸው፤ መሀሉ የለም። ያንን መሀል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከመግዛት በቀር ምርጫ የለውም። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ሲያሳየኝ የጠየቀኝ ይህንን ነበር፤ በዚህ ቋንቋ ባይለውም።

## የ«ቤ» ቀለበት

ኦሮምኛውና እንግሊዝኛው እንደምንም መልክ ያዘ። አማርኛው ላይ ስደርስ ግን የተገዛው ፎንት የእኛ ፊደል ስለሌለው ኮምፒውተሩ «ምግብ ቤት»ን በኒያላ ጻፈልኝ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፊደል ነው። ለደብዳቤ ምንም አይወጣለትም። የተፋቀው ሰሪፍ ሥር ሲቀመጥ ግን ሊካሰሱ መጥተው በስህተት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች መሰሉ። ከላይ የመቶ ዓመት አዛውንት፣ ከታች የቢሮ ጸሐፊ።

አቋራጭ አለ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ከላቲኑ ላይ ጭረቱን ትወስዱና እንደ ጭንብል አማርኛው ላይ ትጥላላችሁ። ጣልሁት። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ አየና «ምግብ ቢት ነው እንዴ የሚለው?» አለ። ጭረቱ የ«ቤ»ን ቀለበት በልቷት ነበር። ከሥሩ ያለው «ቡና» ደግሞ «በና» ሆኗል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

በላቲን ሰሪፍ ጌጥ ነው። ከፊደሉ እግር ላይ ብትፍቁት ፊደሉ በአብዛኛው ያው ነው። በእኛ ፊደል እግር ላይ ያለችው ትንሽ ነገር ጌጥ አይደለችም፤ አናባቢዋ ራሷ ናት። «በ» እና «ቡ»ን የሚለየው ጎን ላይ የተሰካች ጭረት ነው። «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለየው እግር ላይ ያለው ቀለበት ወይም ጭረት ነው። ራስ ላይም እንዲሁ። «ሰ»ን «ሸ»፣ «ደ»ን «ጀ» የምታደርገው ከላይ የተጨመረች መስመር ናት። ከራስም ከእግርም መንካት ካልተቻለ የሚፋቀው ምኑ ነው? ወፍራሙ ቋሚ፣ እሱም ከመሀሉ። ሌላው ሁሉ ትርጉም ተሸክሟል።

ብዛቱን ጨምሩበት። በላቲን ካፒታል ብቻ ከሆነ 26 ፊደል ነው፤ ሁለት ሁለት መልክ ብትሠሩ 52። የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ሁለት ሁለት መልክ ሲሆን 462። ለዚያውም እያንዳንዱ ላይ ጭረቱ የት ማረፍ እንደሚችል እያሰባችሁ። ነፃ ፎንት ለቅቆ ምስጋና ብቻ የሚያገኝ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ይሠራል? አልፈርድም።

ደግሞስ ያረጀ አማርኛ ምን ይመስላል? የእንጨት ፖስተር የእኛ ጎዳና ታሪክ አይደለም። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ። እኛ ጋ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የእርሳሱ ፊደል ዘመንና ፊደል ለቃሚዎቹ የሚታወሱት ከእሱ ጋር ነው። የተበላ እርሳስ የራሱ መልክ አለው። ቀጭኑ መስመር ይቆረጣል፣ ቀለሙ ጠርዝ ላይ ያብጣል። ይህ ግን የጋዜጣና የመጽሐፍ እርጅና ነው፣ ትንሽ ፊደል ላይ። መንገዱን የጻፈው ብሩሽ ነው። የአዳማ ምግብ ቤት በር ላይ የአሜሪካ እንጨት ጭረት ከማምጣት፣ ብሩሹ ሳሳ ያለበትን ጫፍ ማየት ለእኔ ይበልጥ ያሳምናል። በዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ ጋር አንስማማም። ቪንቴጅ ማለት የሚታወቀው ያ መልክ ነው፣ ደንበኛው የሚያውቀውን ስጪው ይሉኛል። ይሁን።

## ያለቀውና ያላለቀው

ታፔላው በመጨረሻ በላሜራ ሆነ። ልጁ የዘይት ቀለም ዋጋ ሰምቶ ትንሽ ተንጫጫ፤ አጎቱ ዓይናቸውን ሲጥሉበት ተወው። ፕሎተሩን ለማጣበቂያ ሳይሆን ለስቴንስል ተጠቀምንበት። ቪኒሉን ቆርጠን ላሜራው ላይ ለጠፍን፣ ቀባን፣ ላጥነው። ጭረት የለም። አንቲረስቱን ግን ሁለት እጅ አስቀብቻለሁ፤ ዝገት በሚስማር በኩል ሲገባ ፊደል አይመርጥም።

አማርኛውን እኔ ሣልሁ፣ አጎትየው በጠመኔ አረሙ። «የቤን ቀለበት አስፊያት» አሉኝ። «ቀለም ይሞላታል። ጠባብ ካደረግሻት ከመንገድ ማዶ ነጥብ ናት።» «ግ» ላይ ደግሞ ቋሚውን አወፈሩት። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «እንጃ፣ እንደዚያ ነው የሚያምረው» አሉ። እጃቸው የሚያውቀውን ሁሉ አፋቸው አያውቀውም። አወፈርሁት። አምሮበታል።

የተገዛው ፎንት አልተጣለም፤ የልጁ ገንዘብ ነው። ሜኑው ላይና ቴሌግራም ገጹ ላይ ገብቷል፤ እዚያ ፀሐይም ነፋስም ስለሌለ ማንም የሚጠይቀው የለም። ለቡናማው የወረቀት ከረጢት ግን ሌላ ነገር አሰብን። ማኅተም መቅረጽ የየቀን ሥራችን ነው። ንጹሑን ፊደል በጎማ ቀረጽነውና በእጅ እየመቱ እንዲያትሙት ሰጠናቸው። ሻካራ ወረቀት ላይ አንዱ ጥግ ይስታል፣ ሌላው ይደምቃል። ቀለሙ ሲያልቅ ይገረጣል፣ ሲነከር ይጠግባል። ሁለት ከረጢት አንድ ዓይነት የለም። ልጁ ከሁሉም የወደደው እሱን ነው። ማኅተሙ የተከፈለበት ደግሞ ከፎንቱ ባነሰ ዋጋ ነው። ይህን ለጊዜው አልነገርኩትም።

ከብሩሹ የወጣው የአማርኛ ፊደል ግን ገና ፎንት አይባልም። የተሣሉት ታፔላውና ሜኑው የፈለጓቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለ።

«እህቴ፣ ሜኑው ላይ ፒዛ ልንጨምር ነው። በዚያችው ፊደል አድርጊልን፣ እስከ ቅዳሜ።»

ፋይሉን ከፈትሁ። «ፐ» ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው። «ዘ» ቤትም አልተጀመረም።

«በርገር አይሻልህም?» አልኩት። «በ አለኝ፣ ር አለኝ። ገን ከ‹ምግብ› ላይ አወጣዋለሁ።»